ከጓዳችን፦ ሑሙስ በእኛ ሽምብራ



«ሑሙስ የሚሉትን የዓረቦች ምግብ በቤታችን መሥራት እንችላለን ወይ?» የሚል ጥያቄ ከብዙዎቻችሁ ደርሶናል። አንዳንዶቻችሁ በአዲስ አበባ ሱፐርማርኬት በጣሳ ታሽጎ አይታችሁት ዋጋው አስደንግጧችሁ ተመልሳችኋል። ሌሎቻችሁ ደግሞ ከዓረብ አገር የተመለሰች ዘመድ ስታወራለት ሰምታችኋል። መልሱን ያዘገየሁት አሠራሩን ስላላወቅሁ አይደለም፤ ካወቅሁት ዓመታት አልፈዋል። የዘገየሁት ያስተማረችኝን ሰው ሳላነሣ ልጽፈው ስላልቻልሁ፣ እርሷን ካነሣሁ ደግሞ ራሴን መውቀስ ስለሚኖርብኝ ነው። አሁን እርሷው «ጻፈው» ብላ ፈቅዳልኛለች።

ታናሽ እኅቴ ናት። ትምህርቷን ከሰባተኛ ክፍል አቋርጣ፣ በ2008 ዓ.ም. በ19 ዓመቷ በደላላ በኩል ወደ ሊባኖስ ሄደች። እኔ በዚያን ጊዜ እዚሁ ላስታ ውስጥ መምህር ሆኜ፣ ዲግሪዬን ለመጨረስ በየክረምቱ እየከፈልሁ እማር ነበር። እኅቴ ከቤይሩት በየጥቂት ወሩ የምትልከው ገንዘብ መጀመሪያ የእናታችንን የሣር ቤት ቆርቆሮ አለበሰው። ከዚያ የተረፈው ለእኔ የክረምት ትምህርት ክፍያ ሆነ። ይህን ሁሉም የቤተሰቡ ሰው ያውቅ ነበር፤ አውቀን ግን ረሳነው።

በ2012 ዓ.ም. የሊባኖስ ገንዘብ ዋጋው ተንኮታኮተ። በላዩም የኮሮና ወረርሽኝ ተጨመረ። ብዙ አሠሪዎች ለቤት ሠራተኞቻቸው ደመወዝ መክፈል አቆሙ፤ ኢትዮጵያውያን ሴቶችን ከነሻንጣቸው ቤይሩት ውስጥ በአገራችን ቆንስላ ደጃፍ አውርደው ጥለዋቸው ሲሄዱ በዓለም ዜና ታየ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 28 ቀን ደግሞ የቤይሩት ወደብ ፈነዳ። እኅቴም የሰባት ወር ደመወዟን ሳትቀበል፣ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ አንድ የፕላስቲክ ከረጢት ይዛ ኩልመስክ ገባች።

የጎረቤቱ ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ «ምን ይዛ መጣች?» ጎረቤትስ ይጠይቅ። እኔ የተማርሁት ወንድሟ በሦስተኛው ቀን አስቀምጬ፣ «ያ ሁሉ ዓመት የሠራሽበት የት ደረሰ?» አልኋት። ይህን ያልኋት በእርሷ ገንዘብ በተገዛው ቆርቆሮ ሥር ተቀምጬ ነው። ቀና ብላ ጣራውን አየችና ምንም ሳትመልስልኝ ወደ ጓዳ ገባች። ከዚያ በኋላ ስለ ቤይሩት አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። በዚያው ዓመት ክረምት ጦርነቱ ላስታ ደረሰ፤ ሰው ሁሉ በየራሱ ጭንቅ ተያዘና የሚጠይቃትም ጠፋ።

ዝምታዋ የተሰበረው በ2014 ዓ.ም. ረመዳን ነው። አንድ ምሽት ከተራዊሕ ስመለስ ሽምብራ በገበቴ ዘፍዝፋ አየሁ። ለንፍሮ መስሎኝ አለፍሁት። በማግሥቱ ከዐሥር በኋላ ከትምህርት ቤት ስገባ እናቴን ከወፍጮዋ አስነሥታ እርሷ ተንበርክካ ትፈጫለች። ኢፍጣር ሲደርስ ከሾርባውና ከቴምሩ ጎን አንድ ሣህን አቀረበች። ነጣ ያለ፣ እንደ ገንፎ የማይደርቅ፣ እንደ ሽሮም የማይፈስ ነገር ነው። በማንኪያ ጀርባ ዙሪያውን አሽከርክራ መሐሉን እንደ ጉድጓድ አድርጋዋለች፤ በጉድጓዱ ዘይት፣ በዘይቱ ላይ ትንሽ በርበሬ።

እናቴ በቂጣ ቆርሳ ጠቀሰች። ዝም ብላ አላመጠች። ቀጥላም «ይቺማ እልበት ናት! ሽምብራ ሆና ነው እንጂ እልበት ናት!» አለች። እኅቴ ሳቀች። ከመጣች ጀምሮ ስትስቅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

እልበትን ለማታውቁ ጥቂት ልበል። የባቄላ ዱቄት ከጥቂት አብሽ ጋር በውኃ በስሎ ከቀዘቀዘ በኋላ፣ እስኪነጣና አረፋ እስኪመስል በኃይል እየተመታ፣ በነጭ ሽንኩርትና በቅመም የሚሰናዳ ማጥቀሻ ነው። የቅርብ ዘመዱ ስልጆ የሚባለው ነው፤ የባቄላ ዱቄት በሱፍ ውኃ ተበጥብጦ ይበስልና ሰናፍጭ ገብቶበት ለቀናት ይብላላል። ሁለቱም በክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ቤት የጾም ጌጦች ናቸው። እናቴም እልበት መምታት የተማረችው ከአንዲት ክርስቲያን ጎረቤቷ ነው፤ አብረው ውኃ ሲቀዱ የኖሩ ናቸው። እንግዲህ ሜዲትራኒያን ዳር የሚበላው ነገር ኩልመስክ ላይ ዘመድ አጥቶ አልመጣም ማለት ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ።

ለስድስት ሰው የሚበቃ ሑሙስ ሁለት ብርጭቆ ደረቅ ሽምብራ ይፈልጋል። ዓረቦቹ የሚሠሩበት ሽምብራ ትልልቅና ነጣ ያለው ዓይነት ነው። በእኛም አገር አለ፤ ከደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል የወጡት አረርቲና ሀብሩ የሚባሉት ዝርያዎች እንደዚያ ናቸው። በየገበያችን የሚበዛው ግን ትንሿ፣ ቡናማዋ፣ ቅርፊተ ወፍራሟ ሽምብራ ናት። የእኛ ደጋ የገብስና የባቄላ አገር ስለሆነ እርሷም ከወይና ደጋው ነው የምትመጣልን። ክረምቱ ሊወጣ ሲል በዋልካ መሬት ተዘርታ፣ አፈሩ በያዘው እርጥበት ብቻ የምታድግ የድኻ ወዳጅ ናት። አንዳንድ ሴቶች «በዚህች አይሆንም» ይላሉ። ይሆናል። ነገር ግን ትዕግሥት ትጠይቃለች።

የመጀመሪያው ነገር መዘፍዘፍ ነው። ማታ ከኢሻ በኋላ ሽምብራው ተለቅሞና ታጥቦ፣ ከእርሱ አራት እጥፍ በሆነ ውኃ ይነከራል። በውኃው ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ሶዳ፣ ማለትም ዳቦና ብስኩት የምንሠራበት ቤኪንግ ሶዳ፣ ይበተናል። ጧት ፍሬው አብጦ እጥፍ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ውኃው ይደፋ፤ ሽምብራውም ሁለት ሦስት ጊዜ ይለቅለቅ።

በመቀቀሉ ላይ እኔ የሠራሁትን ጥፋት ላውጋችሁ፤ ለእናንተ ይጠቅማል። እኅቴ ታምማ በተኛችበት አንድ ቀን «እኔ እሠራዋለሁ» ብዬ ገባሁ። ሳልዘፈዝፍ ጣድሁት። ሁለት ሰዓት ፈላ። ላዩ ለስልሶ ሳየው በሰለ ብዬ ወፍጮው ላይ ገለበጥሁት። የወጣው ነገር አሸዋ የበዛበት ጭቃ ይመስላል። ለመደበቅ ሽሮ ጨመርሁበት፤ የባሰውኑ ሽሮ ሆነ። «የእኛ ሽምብራ ለዚህ አልተፈጠረም» ብዬ ስፈርድ፣ እኅቴ ከተኛችበት ሆና፣ «ጋሼ፣ ሽምብራው አይደለም፤ ችኮላህ ነው» አለችኝ።

እውነቷን ነበር፤ ሳይንሱም ከእርሷ ጋር ነው። እኛ ደገኞች ነን። ውኃ በባሕር ወለል አጠገብ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል፤ ከፍ ባልን ቁጥር ግን የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ቀድሞ ይፈላል። ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ላሊበላ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል ማለት ነው። እንጨት ብንጨምር፣ እሳት ብናቀጣጥል ውኃው ይንተከተካል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም። ይህን ለተማሪዎቼ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንት ዓመት ጽፌዋለሁ! ከድስቱ ጋር ግን አላገናኘሁትም ነበር። ስለዚህ ቤይሩት ውስጥ በአንድ ሰዓት ተኩል የሚበስል ሽምብራ በእኛ ምድጃ ሦስት ሰዓት ሊወስድ ይችላል። ፕሬሸር ድስት ያላት እኅት ከዚህ ድካም ትድናለች፤ ድስቱ እንፋሎቱን አፍኖ ሙቀቱን ከፍ ያደርግላታልና።

ሶዳው የሚረዳውም በዚህ ላይ ነው። የሽምብራውን ሕዋሳት እንደ ሙጫ አጣብቆ የያዘው ንጥረ ነገር በሶዳ ውኃ ውስጥ ቶሎ ይሟሟል፤ ቅርፊቱም ይላቀቃል። ሲቀቀልም ግማሽ የሻይ ማንኪያ ይጨመርበት። ከዚያ አይብዛ፤ ከበዛ ሳሙና ሳሙና ይላል። ጨው በዚህ ጊዜ አይገባም፤ መጨረሻ ላይ ነው። አንድ ፍሬ በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት መካከል ስትጫኑት ያለ ምንም እምቢታ እንደ ቅቤ ከተዘረጋ በስሏል። «ትንሽ ቀረው» ከተባለ ገና ነው። የተቀቀለበት ውኃ አይደፋ፤ ቆይቶ ያስፈልጋል።

ቀጥሎ ቅርፊቱ አለ። ነጩን ሽምብራ የሚሠሩት ሰዎች ብዙ ጊዜ አይልጡትም። የእኛይቱ ግን ካልተላጠች ሑሙሱ ይጠቁራል፤ ምላስም ላይ ይሻክራል። የበሰለው ሽምብራ ብዙ ቀዝቃዛ ውኃ ባለበት ገበቴ ውስጥ ተገልብጦ በሁለት እጅ ቀስ ተብሎ ይታሽ። ቅርፊቱ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፤ እርሱን በወንፊት እየጨለፉ ማውጣት ነው። ልጆች ካሉ ይህን ሥራ ስጧቸው፤ በጣም ይወዱታል። ሥራው አራት አምስት ጊዜ ይደጋገማል። እናቴ «ለምን ክኩን አንቀቅልም?» ብላ ነበር። ሆኖም የገበያው የሽምብራ ክክ ብዙውን ጊዜ ለሽሮ ተብሎ የታመሰ ነው፤ የታመሰ ደግሞ የሽሮ ጠረን ይዞ ይመጣል። ሳይታመስ የተከካ ካገኛችሁ ግን የእናቴ ምክር ብዙ ድካም ይቀንሳል።

አሁን ሰሊጡ። ሑሙስን ከተራ የሽምብራ ፍትፍት የሚለየው ይህ ነው፤ ዓረቦች ጣሂና የሚሉት የሰሊጥ ልቁጥ። ሙሉ ስሙም «ሑሙስ ቢጣሂና»፣ ሽምብራ በጣሂና፣ ነው። በከተማ በጠርሙስ ይሸጣል፤ ነገር ግን የሰሊጥ አገር ሆነን በጠርሙስ መግዛቱ ያሳፍራል። የሑመራ ሰሊጥ በመካከለኛው ምሥራቅ ጣሂና አምራቾች ዘንድ ስሙ የታወቀ ነው። እኅቴ ቤይሩት ማዕድ ቤት ውስጥ ታማስለው የነበረው ጣሂና ከእኛው ቆላ የሄደ ሰሊጥ ሊሆን ይችል ነበር። ይህን ስነግራት፣ «እኔም ሰሊጡም አብረን ነበርን በለኛ!» ብላ ሳቀች።

አንድ ብርጭቆ ነጭ ሰሊጥ ይበቃል። በውኃ ሲበጠበጥ አሸዋው ይዘቅጣል፤ ሰሊጡን ከላይ መጨለፍ ነው። በጨርቅ ላይ ተሰጥቶ ከደረቀ በኋላ በለስላሳ እሳት ምጣድ ላይ ይታመስ። ጥንቃቄ! ጠጅ መልክ ሊይዝ ሲጀምር፣ አንድ ሁለቱ ሲዘል፣ ወዲያው ይውረድ። ከቡናው ጋር ወግ ይዛችሁ ትንሽ ካለፈ ይመራል፤ የመረረ ሰሊጥ ደግሞ በምንም አይታከምም። ከዚያ ወፍጮው ላይ በመጅ መላልሶ መፍጨት ነው። መጀመሪያ ዱቄት፣ ቀጥሎ እርጥብ ዱቄት፣ በመጨረሻ ዘይቱ ወጥቶ የሚለጠጥ ልቁጥ ይሆናል። መሐል ላይ ደርቆ አስቸገረኝ የምትል አንድ ሁለት ማንኪያ ዘይት ትጨምር። በሙቀጫም ይሆናል፤ ልስላሴው ግን የወፍጮውን ያህል አይመጣም። መብራትና መፍጫ ማሽን ያላቸው ሽምብራውንም ሰሊጡንም በደቂቃ ይጨርሱታል። በዚያ ረመዳን ግን በቤታችን መብራት አልነበረም፤ እኔም እስከ ዛሬ የወፍጮውን ጣዕም የሚያህል አላገኘሁም። ምናልባት የመጀመሪያው ስለነበር ይሆናል።

ለመደባለቅ መጀመሪያ ጣሂናው ብቻውን ጎድጓዳ ሣህን ውስጥ ይግባ። የሦስት ወይም የአራት ሎሚ ጭማቂ፣ ሁለት ፍሬ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርትና ጨው ይጨመርበት። በዚህ ጊዜ ጣሂናው በድንገት ይጠጥራል፤ ተበላሸ ብላችሁ አትደንግጡ። ቀዝቃዛ ውኃ በማንኪያ በማንኪያ እየጨመራችሁ በእንጨት ማንኪያ ምቱት። እየላላ፣ እየነጣ፣ እየቀለለ ይመጣል። እናቴ የእልበት እጇን ያገኘችው እዚህ ላይ ነው። እኅቴ ስትመታ ለጥቂት ጊዜ አይታ፣ «አምጪው፤ እንዲህ አይደለም» ብላ ተቀበለቻትና ክንዷን ሰብሰብ አድርጋ እንደ ልማዷ መታችው። ውጤቱ ከእኅቴ የበለጠ ነጭ ሆነ። እኅቴም አመነች። ከነጣ በኋላ የተፈጨው ሽምብራ ገና ለብ እንዳለ ይግባበትና ሁለቱ ይዋሐዱ። ከወፈረ ያስቀመጣችሁት የቅቅሉ ውኃ ይጨመር። ሲቆይ እንደሚጠጥር አስባችሁ ትንሽ ቀጠን አድርጋችሁ ተዉት። ለሚወድ ትንሽ የተፈጨ ከሙን ጥሩ ነው።

በላዩ የሚፈስሰው የሊባኖሶቹ የወይራ ዘይት ነው። የእኛ ተራሮች ወይራ ሞልቷቸዋል፤ ነገር ግን የእኛ ወይራ ለዕቃ ማጠኛ ጢሱን እንጂ ዘይቱን አልሰጠንም፤ ፍሬው ትንሽ የሆነ የዱር ወይራ ነው። ስለዚህ የሰሊጥ ዘይት አድርጉበት። የኑግ ዘይት ጣዕሙ ኃይለኛ ነው፤ ካለዚያ ከሌለ በጣም ትንሽ። የሚበላው በስስ ዳቦ ነው ይላሉ። እኛ ቤት ግን የገብስ ቂጣ ያሸንፋል።

ፍሪጅ ለሌለን አንድ ማሳሰቢያ፤ የተፈጨ ሽምብራ ቶሎ ይኮመጥጣል። በዚያው ቀን ይበላ፤ በደጋው ብርድ ቢሆንም ከማግሥቱ አይለፍ። ሰሊጥ የማይስማማቸው ሰዎችም አሉ፤ ለሕፃን ስትሰጡ በጣም በጥቂቱ ጀምራችሁ ሰውነቱ እንዳያሳክክ ወይም ፊቱ እንዳያብጥ ተመልከቱ። ከዚህ በቀር ለቤተሰብ የሚጠቅም ምግብ ነው። የደረቅ ሽምብራ አንድ አምስተኛ ያህሉ ፕሮቲን ነው። ሎሚውም በሽምብራው ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት እንዲቀበለው ይረዳል፤ ሥጋ በየቀኑ ለማያገኝ ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ስለ ሽምብራ ክብር ካነሣን አይቀር፣ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ ላሊበላ ዋሻ የሚባል ቦታ አለ፤ የእኛ የላስታው ላሊበላ ሞክሼ ነው። የሥነ ቁፋሮ ተመራማሪዎች እዚያ 2500 ዓመት ገደማ የሆነው የሽምብራ ፍሬ ከገብስ ጋር አግኝተዋል። ዛሬም ኢትዮጵያ ከአፍሪካ በሽምብራ አምራችነት ቀደምት ናት። ሆኖም እንግዳ ሲመጣ የሽምብራ ነገር ለማቅረብ እናፍራለን። ሊባኖሶች ግን በ2002 ዓ.ም. 10452 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሑሙስ በአንድ ሣህን ሠርተው የዓለም ክብረ ወሰን አስመዘገቡ። ቁጥሩ እንዲሁ የመጣ እንዳይመስላችሁ፤ የአገራቸው የቆዳ ስፋት 10452 ካሬ ኪሎ ሜትር ስለሆነ ነው።

እኔንም ያሳፈረኝ ሌላ ነገር አለ። ደረሳ ሳለሁ የተፍሲር ትምህርት ስንቀራ፣ በሱረቱል በቀራህ በኒ ኢስራኢሎች ነቢዩ ሙሳን (ዐ.ሰ.) ከጠየቋቸው የምድር ቡቃያዎች መካከል «ፉም» የሚለው ቃል ላይ ቆመን ነበር። ሙፈሲሮች ስንዴ ነው፣ ነጭ ሽንኩርት ነው እያሉ ተለያይተውበታል። ኢብኑ ከሢር ከጠቀሷቸው አስተያየቶች አንዱ ግን በሻም ሰዎች አነጋገር ሽምብራ ማለት ነው የሚል ነው። «ሑሙስ» የሚለውን የዓረብኛ ቃል ያኔ ነው በቃሌ የያዝሁት። ሻም የሚባለው አገር ሊባኖስንም ይጨምራል። እኔ ቃሉን ይዤ ላስታ ቀረሁ። ከሰባተኛ ክፍል ያቋረጠችው እኅቴ ደግሞ ሻም ድረስ ሄዳ ነገሩን በእጇ ይዛ መጣች። «ምን ይዛ መጣች?» ብለን የጠየቅነው ይህችኑ ነው።

ይቅርታ የጠየቅኋት በዚያው ረመዳን፣ ሽምብራ ስንልጥ ነው። ፊት ለፊት ተቀምጠን፣ እጃችን ገበቴው ውስጥ ሆኖ። ያልሁትን ቃል አስታውሼ ነገርኋት። ለጥቂት ጊዜ ዝም አለችና፣ «ቅርፊቱን እያስገባኸው ነው» አለችኝ። አየሁ፤ እውነትም ያወጣሁትን ቅርፊት መልሼ ሽምብራው ላይ እየጣልሁ ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ስለ ቤይሩት ያወራችልኝ። ሁሉንም እዚህ አልጽፈውም፤ የእርሷ ነው። አንዱን ብቻ፦ ሑሙስ ያስተማረቻት የአሠሪዋ አሮጊት እናት ነበሩ። ዓይናቸው ደክሞ ስለነበር ጣሂናው መንጣቱን በድምፁ ነበር የሚያውቁት፤ ሲላላ ማንኪያው የሚያሰማው ድምፅ ይለወጣል። እኅቴ እስከ ዛሬ ስትመታ ጆሮዋን ዘንበል ታደርጋለች።

አሁን በቤታችን ሁለት ወገን አለ። እናቴ ሎሚውን ቀንሳ ሰናፍጭ ታደርግበታለች፤ «ካልኮረኮረ ምን ማጥቀሻ ነው?» ትላለች። እኅቴ በሰናፍጩ ትቆጣለች፤ «ይሄ ስልጆ ነው፤ ሑሙስ አትበሉት» ትላለች። ለእናቴ ልፍረድ ብዬ፣ ከ600 ዓመት በፊት በግብፅ የተጻፉ የምግብ መጻሕፍት ውስጥ ሽምብራው ሎሚ ብቻ ሳይሆን ኮምጣጤና ልዩ ልዩ ቅጠላ ቅጠል ይገባበት እንደነበር ነገርኋቸው። ማንም አልሰማኝም። ጎረቤቶች ሲመጡ ሁለት ሣህን ይቀርባል። ባለፈው ረመዳን ሦስት ወጣት ሴቶች በየተራ እየመጡ ከእኅቴ ሲማሩ ሰነበቱ። ከእነርሱ አንዷ ራሷም ከዓረብ አገር የተመለሰች ስትሆን፣ የምታውቀውን የሩዝ አሠራር ለእኅቴ አሳየቻት። እርሱን ኢንሻ አላህ በሚቀጥለው ወር።

ይህን ጽሑፍ ከመላኬ በፊት ለእኅቴ አነበብሁላት። ስለ ቆርቆሮው የጻፍሁት ላይ ስደርስ ተነሥታ ምድጃውን ማየት ጀመረች። ስጨርስ ተመልሳ፣ «የሎሚውን ቁጥር አስተካክል፤ የእኛ ሎሚ ትንሽ ናት፣ አምስት በል» አለችኝ። ስለዚህ ከላይ ሦስት ወይም አራት ያልሁትን አምስት ብላችሁ አንብቡልኝ።